ካርታ የሌለው ቤት

የመመረቂያ ሥራ ማስመዝገቢያው ቅጽ ስምንት ሣጥኖች አሉት። ሲራድ ወርሳሜ ሰባቱን በአንድ መቀመጫ ሞላች። ስምንተኛው «ሕንፃው የሚቆምበት ቦታ፣ ከካርታ ቁጥር ጋር» ይላል። እሱን ባዶ ተወችውና ወረቀቱን ለመምህር ጉሌድ አስረከበች።

መምህር ጉሌድ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ።

«ይቺን ረስተሻል።»

«አልረሳሁም፣ መምህር። ቦታ የለውም።»

«ቤቱ?»

«ቤቱ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሀርጌሳ ሲመለስ የአባቱን ቤት የለየው በግቢው በቀረችው አንዲት ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ቤት ማለት መሠረቱ ጠልቆ የተቆፈረ፣ ቁጥር ያለው፣ ማንም መጥቶ «የማን ነው?» ቢል ወረቀት የሚወጣለት ነገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እነሲራድን ያስተማራቸውም ይህንኑ ነበር።

«ቦታ የሌለው ቤት ሕልም ነው» አላት። «እኔ ደግሞ ሕልም አላርምም። ለዳኞቹ የምታቀርቢው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ወይ ቦታ አምጪ፣ ወይ በሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢ።»

ሲራድ የነደፈችው የእናቶች ማዋለጃ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ሣጥን፣ የአዋላጇ መኝታ፣ በቃ። ሌላው ሁሉ በጎበጡ እንጨቶችና በሰሌን የሚሠራ አቃል፣ የአርብቶ አደር ተነቃይ ጎጆ ነው። ተፈትቶ በሦስት ግመል ይጫናል፤ አርብቶ አደሩ ውኃ ፍለጋ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ተማሪዎቹ የሚነድፉበት ስቱዲዮ ውስጥ ወሬው ቀድሟት ገባ። ከአጠገቧ የሚቀመጠው ቢሌ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ የመስታወት ሆቴል ነበር የሚሠራው።

«እስቲ ስሚኝ» አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አምስት ዓመት ፌሮ ስትቆጥሪ ኖረሽ፣ መጨረሻሽ ሰሌን? ዲግሪሽንም በግመል ጭነሽ ልትሄጂ ነው?»

«ከሄደ ይሻለዋል። ያንተን ሆቴል መስታወት ማን ነው የሚያጥበው? ውኃ በቦቴ በሚመጣበት ከተማ?»

«ዝናብ ያጥበዋል!»

«ዝናብ የት እንዳለ ታውቃለህ እንዴ? ንገረኛ፣ ሕዝቡ ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው።»

ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። ቢሌም ሳቀ። ሲራድ ግን እርሳሷን መቅረጽ ቀጠለች።

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ቤተሰቧ ከሚሰፍርበት የውኃ ጉድጓድ አጠገብ በብሎኬት የተሠራ ጤና ጣቢያ ነበር። በሩ አረንጓዴ ነው። እናቷ ሆዷ ሲገፋ «እዚያ ነው የምወልደው» ትል ነበር። በዚያ ዓመት ጉድጓዱ ደረቀ። ሰዉ ተነሣ፤ ሰዉ ሲነሣ ነርሷም ተነሣች። የእናቷ ምጥ የመጣው የሁለት ቀን መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ከወር በኋላ አባቷ እሷን ብቻ ይዞ በዚያ በኩል ሲመለስ ጤና ጣቢያው እንደቆመ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ግድግዳው ላይ አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም።

ይህን ለመምህር ጉሌድ አልነገረችውም። ለማንም አትናገርም። ይህን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል፤ ድምጿ ሲለወጥ ሰው የምትለውን ትቶ እሷን ማጽናናት ይጀምራል።

በማግሥቱ ወደ ገጠር፣ ኦድወይኔ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፈረች።

የእናቷ ታናሽ እህት ካሃ እዚያ ናት። እናቷ ስትዳር ሴቶች የሠሩላት የሠርግ አቃል እንጨቶችም እሷ ዘንድ ተቀምጠዋል። ከግራር ሥሮች ተቆርጠው በእሳትና በውኃ የተለመጡ፣ ከጭስ ብዛት የጠቆሩ ሃያ ሁለት እንጨቶች። ካሃ አንድ በአንድ አውጥታ ደረደረቻቸው። አንደኛው መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ በልጥ ተጠምጥሟል፤ ጥምጥሙ የማን እጅ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

«በይ አቁሚው» አለቻት ካሃ፣ ሻይዋን ይዛ እየተቀመጠች።

ሲራድ አቆመችው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ ካሃ ዞር ዞር ብላ አየችና አንዱን ቋጠሮ ሳበችው። አልነቃነቅ አለ። ሌላውን ሳበች። እሱም።

«ወይ ጉዴ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳይፈታ ነው፣ አክስቴ። ሁለቴ አዙሬ አጠበቅኩት።» ፌሮ በሽቦ ሲታሰር እንደዚያ ነው። ሁለቴ አዙሮ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ጫፉን መቁረጥ። ሲራድ የገመዶቹን ጫፎች ሳይቀር ቆርጣቸው ነበር።

«እንዳይፈታ?» ካሃ ሳቋ መጣ። «ዝናቡ በወዲያ በኩል ቢዘንብ፣ ግመሎቹ ቆመው ቢጠብቁሽ፣ አንቺ ቋጠሮ በጥርስሽ ልትፈቺ ነው? የማይፈታ ቤት መቃብር ብቻ ነው። ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቋጠሮ ተማረች። በንፋስ የሚጠብቅ፣ አንዴ ሲሳብ ግን የሚፈታ።

የፈተናው ቀን ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፦ መምህር ጉሌድ፣ ከውጭ የተጋበዙ አንዲት አርክቴክትና አንድ ወፍራም ኢንጂነር። ሌሎቹ ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሥዕላቸውን ሰቀሉ። ሲራድና ካሃ ከኦድወይኔ በመኪና ያመጡትን አቃል ግቢው ውስጥ አቁመው ጠበቁ። የሐምሌ ንፋስ አቧራውን እያነሣ ይመታል፤ አቃሉ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል።

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ አንዱን እንጨት ገፋ፣ ስሌቱን ጠየቀ። ሲራድ ስሌቱን ሰጠችው። አርክቴክቷ ስለ አልጋው፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ንጽሕናው ጠየቀች። ሲራድ መለሰች። በመጨረሻ መምህር ጉሌድ ተናገረ።

«ቆሟል። የቆመው ግን ካርታ ባለው ግቢ ነው። የአንቺ ቤት የት ነው ያለው? አሁንም አልነገርሽንም።»

«እንነሣ፣ አክስቴ» አለች ሲራድ።

ሁለቱም ገመዶቹን ይስቡ ጀመር። ሰሌኖቹ ወረዱ፣ ተጠቀለሉ። ቅስቶቹ ተራ በተራ ተፈቱ። የመጨረሻው ላይ ሲራድ ሳበች፤ እምቢ አለ። እንደገና ሳበች። ጠዋት በችኮላ አንዱን እንደ ፌሮ አስራው ኖሯል።

«ይኸው» አለ መምህር ጉሌድ ፈገግ ብሎ። «እሱ እንኳ መቆየት ፈልጓል።»

ካሃ ቢላዋ አወጣች። ሲራድ እጇን ያዘቻት። ተንበርክካ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፤ ጊዜ ወሰደ፣ ሁሉም ቆመው አዩዋት። ቀና ስትል ከንፈሯ ላይ የገመድ ጭረት ነበር።

«ይሄኛውን እዚህ በተማርኩት መንገድ ነው ያሰርኩት» አለች። «ሌሎቹን አክስቴ ናት ያስተማረችኝ።»

ቀድሞ የሳቀው ኢንጂነሩ ነበር።

ግቢውን አቋርጠው በወዲያኛው ጥግ ድጋሚ ማቆም ጀመሩ። የጽዳት ሠራተኛ ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ጥለው ሳይጠሩ መጡ፤ ለካ ሁሉም ያውቁበታል። አንድ ቅስት ሲንሸራተት መምህር ጉሌድ ሳያስበው ዘሎ ያዘው።

«ተው! ተው አንተ!» ጮኸች ካሃ። «የወንድ እጅ ምን ይሠራል እዚህ? ልትዳር ነው እንዴ?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ካሃ ግን ገና አልጨረሰችም። «ቤት መሥራት ያስተማርካት አንተ ነህ አሉኝ። እኔ በዕድሜዬ ወንድ አቃል ሲሠራ አላየሁም። ሲተኛበት ነው የማየው።»

መምህር ጉሌድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። በራሱ ግቢ ሥራ ፈት ሆኖ ሲቆም ተማሪዎቹ አይተውት አያውቁም።

ዳኞቹ አዳራሽ ገብተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መምህር ጉሌድ ቅጹን ይዞ ብቻውን ወጣ።

«ሁለቱ አሳልፈውሻል» አላት። «ሬጅስትራር ግን ባዶ ሣጥን አይቀበልም። አንድ ቦታ ጻፊ። ኦድወይኔ በይ፣ ቁጥር እኔ እሰጥሻለሁ። ማን ሄዶ ያያል?»

ለደግነት ነበር ያለው፤ ሲራድም ገብቷታል። እስክሪብቶውን ተቀበለችው። አንድ ቃልና አንድ ቁጥር፣ ከዚያ ዲግሪ። አረንጓዴው በርም ቁጥር ነበረው፤ በጥቁር ቀለም የተጻፈ፣ ከሩቅ የሚነበብ።

«ሰዎቹ ያሉበት» ብላ ጻፈች።

መነጽሩን ሰቅሎ አነበበ። «ይሄ ቁጥር አይደለም።»

«አይደለም።»

«ይመልሱታል።»

«ከመለሱት ይሄንኑ ጽፌ እመጣለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ቢሆን።»

እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰደ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። «እንዳልተስማማሁ ከጎኑ እጽፋለሁ።»

«ይጻፉ፣ መምህር። ከሥር ባዶ ቦታ አለ።»

ጻፈ። ሦስት መስመር ሆነ። እሷም ቆማ አስጨረሰችው።

ካሃ መኪናው አጠገብ ሰሌን እየጠቀለለች ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«አኩርፈው አሳለፉኝ።»

«ኩርፊያው የእነሱ ነው። በይ፣ ያንን ፍቺ፣ መሸብን።»

ሲራድ ያ በልጥ የተጠመጠመው እንጨት የታሰረበትን ገመድ ጫፍ ያዘች። አንዴ ሳበችው፤ ተፈታ።