ሠላሳ አንድ ፊርማ

የቧንቧ ፋብሪካው ሠራተኞች የሰርቪስ ሹፌራቸውን «ቀበቶ» ነበር የሚሉት። ሲያከብሩት «ጋሽ ቀበቶ»፣ ሲቸኩሉ ደግሞ «ኧረ ቀበቶ፣ ንዳው እንጂ!» ይሉታል። ሞተሩን አስነስቶ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሲመለከት የወንበር ቀበቶውን ያላሰረ አንድ ሰው እንኳ ካየ፣ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ደረቱ ላይ ያጣምራል። አይቆጣም፣ አይለምንም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲቆይ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጥፋተኛው ላይ ይጮኽበታል፤ ቀበቶው ቀጭ ሲል መንገድ ይጀመራል።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ነው ግቢ የሚደርሰው። የጎማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በእጁ ይዳስሳል፣ ዘይቱን ይለካል፣ መብራቶቹን ያያል፣ ሰው ሳይጭን ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ብሎ ፍሬኑን ይሞክራል። ስልኩን አጥፍቶ ከወንበሩ ሥር ባለች የቆርቆሮ ሣጥን ይቆልፍበታል። «የሰው ሞት ቢነገርህስ?» ሲሉት፣ «እኔ ስልክ ባነሳ የሞተው አይነሳም፤ ያልሞታችሁት ግን ትከተሉታላችሁ» ብሎ ያስቃቸዋል። በዚህ ዓይነት አሥራ ስምንት ዓመት ነዳ። አውቶቡሱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ገና ተማሪ ስለነበር እነሱ ቤት ገብቶ አደገ። ቀበቶ እንደ ልጁ አስተማረው፤ ሲመረቅም ደጅ ጠንቶ እዚያው ፋብሪካ ጥራት ክፍል አስቀጠረው። መኪና መንዳትም ያስለመደው እሱ ነው። አንድ እሑድ ባዶ ሜዳ ላይ ልጁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ፣ ቀበቶ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋውና ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ነገር ነገረው።

«ሲሚንቶ በማመላልስበት ጊዜ ነው፤ ሁለት ቀን አልተኛሁም። ድልድይ አጠገብ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስባንን የፊት ጎማዬ ከድልድዩ ጠርዝ አልፎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አልነበረም፣ ማንም አላየኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን መሪ የያዝኩ ቁጥር ያ ጎማ ይታየኛል። ይቺን ለማንም እንዳትናገራት።»

«ከተናገርኩ አፈር ልብላ፣ ጋሼ!» አለ ልጁ።

ዓመታት አለፉ። ፋብሪካው በር ላይ የአሻራ ማሽን ተተከለ። ከሁለት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ያለፈበት ስሙ በቀይ ይወጣል፤ ሦስት ጊዜ በቀይ የወጣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ያን ክረምት ደግሞ በመንገዱ መሃል ያለውን ዳገት ጉም ውጦት ከረመ። ቀበቶ ጉሙ ውስጥ ሲገባ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥን ይነዳል። አንድ ቀን ሰባት ደቂቃ፣ ሌላ ቀን አሥር ደቂቃ አረፈዱ። ከኋላ ጉርምርምታው በዛ።

መፍትሔውን ራሱ አመጣ። «ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን እንነሳ» አላቸው። አንዱ «የእንቅልፌን ነገር ተወኝ» አለው፤ ሌላዋ «ልጆቼን ማን ያልብስልኝ?» አለችው። ሳቁ፣ ነገሩም በሳቅ አለፈ። ያለፈ መሰለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ጠራው። «ደህንነት ይቅደም» የሚል ትልቅ ወረቀት ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር የተቀመጠው ይህ ኃላፊ፣ ባለፈው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቀበቶን አስነስቶ ያስጨበጨበለት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። እንግዲህ ሠራተኛው አቤት ብሏል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ሁለት ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገለት።

ቀበቶ መነጽሩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ቀርፋፋ ነው ይላል፤ ደህና። ያስረፍደናል ይላል፤ ይሁን። ወረድ ሲል እንዲህ የሚል አገኘ፤ «ሹፌሩ ቀደም ሲል መሪ ላይ ተኝቶ መኪና ከድልድይ ሊጥል የነበረ መሆኑን ከቅርብ ዘመዱ የተረዳን ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በፍርሃት የሚነዳ ስለሆነ ለሕይወታችን ያሰጋናል።»

ገጹን ሲገልጥ ሠላሳ አንድ ፊርማ ተደርድሯል። ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ያደረሳት የሒሳብ ሠራተኛ ፈርማለች። ከፊት ወንበር ተቀምጦ በየቀኑ የሚያስቀው ኤሌክትሪሺያንም ፈርሟል። አራተኛው መስመር ላይ ያለችው ፊርማ ግን፣ የሚስቱን ወንድም የትምህርት ቤት ደብተሮች ሲያገላብጥ ዘወትር ያያት የነበረችው፣ ጭራዋን ሁለት ጊዜ የምትጠመዝዘው ፊርማ ነበረች።

«እውነት ነው እንዴ የድልድዩ ነገር?» አለ ኃላፊው።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ለጊዜው መለዋወጫ ክፍል ይቆዩልኝ። ለእርስዎም እረፍት ነው።»

ቀበቶ አልተከራከረም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የሚስቱ ወንድም እንደ ልማዱ ለምሳ መጣ። ቀበቶ እስኪበላ ታገሠው። ሚስቱ ሳህን ስታነሳ፣

«ፊርማህን አየኋት» አለው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ሁሉም ፈረመ እኮ። እኔ ብቻ እምቢ ብል ከሰው ልለይ? ሁለት ጊዜ በቀይ ወጥቻለሁ።»

«ለመፈረምህስ ይሁን። ድልድዩንስ?»

«ስናወራ አምልጦኝ ነው። ለምን እንዲህ ይጠነቀቃል ሲሉኝ፣ አንተን ደግፌ ነበር የተናገርኩት። እነሱ እንዲህ አድርገው ይጽፉታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ከተጻፈ በኋላ ነው የፈረምከው። ማንበብ ደግሞ አስተምሬሃለሁ።»

ሚስቱ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «የምን ድልድይ ነው?» አለች። ቀበቶ አጠር አድርጎ ነገራት። ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ባሏን አየችው። «ሊገድልህ የነበረውን ነገር ለእሱ ነግረህ ለእኔ ሃያ አራት ዓመት ደበቅከኝ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ቀበቶ የተከዳ መስሎት ተቀምጦ ሳለ ራሱም ከዳተኛ ሆኖ ተገኘ።

አዲሱ ሹፌር ቀልጣፋ ጎረምሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ቢያደርሳቸው አጨበጨቡለት። አንድ ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ፤ ምንም አልሆኑም። ቀበቶ ከመለዋወጫ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሞ አውቶቡሱ በጎማው እየጮኸ ግቢ ሲገባ ያያል። አንድ ጠዋት አውቶቡሱ ሲዘገይ ልቡ በደስታ መሰል ነገር ዘለለች። ወዲያው በራሱ አፈረ። «የሰው ደም እየጠበቅሁ ነው እንዴ?» አለና ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ዘግቶ መሥራት ያዘ።

በአምስተኛው ወር፣ ዝናብ ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ጎረምሳው ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪና ልቅደም ሲል አውቶቡሱ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ወሬው ሲደርስ ቀበቶ የፋብሪካውን ፒካፕ ይዞ ሄደ። ሰው አልሞተም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሁለት ጥርሷን አጥታለች። የሚስቱ ወንድም መንገድ ዳር ተቀምጦ ትከሻውን ይዟል፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል።

«አስረህ ነበር?» አለው ቀበቶ።

«አላሰርኩም፣ ጋሼ። የሚጠይቀን አልነበረም።»

ቀበቶ ፊቱን አዞረ። ጉዳት የባሰባቸውን አራቱን ጭኖ፣ የወንበር ቀበቶ አስሮላቸው፣ በዚያው በለመደው አነዳድ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ቆስለው እያሉ እንኳ «ንዳው» ያለው ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ የስምሪት ኃላፊው ራሱ መለዋወጫ ክፍል ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ሠራተኛው ይመለሱልን ብሏል። ሩብ ሰዓት ቀድመንም እንነሳለን ብለዋል። ከፈለጉ በፊርማ አመጣልዎታለሁ።»

«በፊርማ?» አለ ቀበቶ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ኃላፊውን ደስ አላሰኘውም። «መንዳቱን እመለሳለሁ። ሰው ግን አልጭንም። ቧንቧ የሚያመላልሰውን መኪና ስጠኝ። ዕቃ አይፈርምም።»

ሰጡት። ለሰርቪሱ ሌላ ሹፌር ተቀጠረ፤ ቀበቶ ሳይጠየቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን አሳየው፤ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠም።

የሚስቱ ወንድም ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ አንድ ቅዳሜ በር አንኳኳ። እህቱ አስገባችው። ቀበቶ ወንበር ሳበለት።

«ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል» አለው ቀበቶ። «ቤቱ ቤትህ ነው፤ ና፣ ብላ። አጥንትህ እስኪጠግን ሐኪም ቤት እኔው አመላልስሃለሁ። ምሥጢር ግን ከእኔ አትጠብቅ። እሱን ለእህትህ መንገር ጀምሬያለሁ።»

ልጁ እንባውን በደህናው እጁ ጠረገ። ሚስቱ ምሳ አቀረበችና ሦስቱም በሉ። ስለ መንገድ ያነሳ ግን አልነበረም።