አላመመኝም ብል ማን ሰማኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ላስታ ላሊበላ ነው። እስካሁን ያልረሳሁት ስለፈራሁ አይደለም። መፍራቱንስ በደንብ ፈርቻለሁ። ያልረሳሁት ስላናደደኝ ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ግማሽ ልቤ ይናደዳል፣ ግማሹ ይስቃል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ያኔ አርባን ተሻግሬ ነበር። ባለቤቴ ከሌላ ሴት መውለዱ ታወቀና ተፋታን። እሱ ሄደ፤ ለእኔ የቀረልኝ "አይዞሽ" ነው። ጎረቤት አይዞሽ፣ ዘመድ አይዞሽ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ የጥበቃው ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን ዘንበል አድርጎ አይዞሽ። ከኋላዬ ደግሞ "ምስኪን!" ደህና እኮ ነኝ! እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁ። የምስቀውን ሳቅ ራሱ "ውስጧን ደብቃ ነው" ይሉታል። ምን ይደረግ?

አንድ እሁድ ቀለበት መንገዱ ዳር ፈረስ የሚያከራዩ ሰዎች አየሁ። ልጆችን እያወጡ ትንሽ ያንሸራሽሯቸዋል። "አዋቂስ ይወጣል?" አልኩ። "ከፈለግሽ ውጪ" አሉኝ። ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ጥቂት እሁዶች ተመላለስኩ። መጋለብ ቻልኩ ለማለት አልደፍርም፤ አለመውደቅ ግን ቻልኩ። ፈረስ ላይ ሆኜ የሚያዝንልኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ነው የሚያየኝ። እሱ ነገር ጣመኝ።

የዓመት ፈቃዴ ሲደርስ "ላሊበላ ሄጄ በፈረስ ልዘዋወር ነው" አልኩ። ፈረንጆች ያደርጉት የለ እንዴ? ለፈረንጅ ሲሆን ማንም ምንም አይልም። እኔን ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ "ስለት አለብሽ?" ነው።

"የለብኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ?"

"ፈረስ ልጋልብ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

እህቴ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ትኬቴን ቆረጥኩ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከላሊበላ በተራራው መንገድ ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ፈረሱን ራሴ ልንዳው። ማንም ሳይጎትተኝ፣ ማንም አይዞሽ ሳይለኝ። ይህችን ካላደረግሁ ቢሮ ተመልሼ እነዚያን ዘንበል ያሉ አንገቶች የማይበት አቅም አልነበረኝም። ቀልድ አልነበረም ለእኔ።

ያረፍኩበት ሆቴል አንድ ሽማግሌ አገናኙኝ። አያ ሞላ ይባላሉ። ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ሲላቸው ሰምቼ እኔም አያ አልኳቸው። በማግስቱ ማለዳ በቅሎ ይዘው መጡ።

"አያ ሞላ፣ ፈረስ ነው ያልኩት።"

"ፈረሱ የኩልመስክ አገር ነው እታለም፣ በጥምቀት ጉግስ ሲጫወት የከረመ። ለጤነኛም አይመች።"

"ለጤነኛም ማለት?"

"ኧረ እኔ ምንም አላልኩ" አሉና ፈረሱን ሊያመጡ ሄዱ።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ጠይም ቀይ፣ ጆሮው የማያርፍ። ኮርቻው ላይ ስወጣ ሌላ ጉድ ገጠመኝ። የአገሩ እርካብ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ጋላቢው ባዶ እግሩን ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚያስገባበት። የእኔ ስኒከር የት ይገባል? እግሮቼ ተንጠለጠሉ። አያ ሞላ ብርዱን አይተው ጋቢያቸውን እስከ አገጬ ጠቀለሉብኝ፣ የዳማን ገመድ ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው ከፊት ከፊት መራመድ ጀመሩ። "ገመዱን ይልቀቁልኝ፣ እኔ እነዳዋለሁ" ብል "ኋላ፣ ኋላ" ይላሉ።

ከከተማው እንደወጣን የመጀመሪያዋ ሴት አጋጠመችን። ገብስ ተሸክማ ነበር። ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እግዜር ይማርሽ እቴ" አለችኝ።

"አሜን" አልኩ። ምን ልበል? ምርቃት አይመለስም።

ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች "ምሕረቱን ይላክልሽ" አሉኝ። አሜን። ከዚያ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አሳለሙኝና "አይዞሽ ልጄ፣ እሱ ያውቃል" አሉኝ። አይዞሽ! ከአዲስ አበባ ድረስ ተከትላኝ መጣች!

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ሐበሻ የሚሄደው በእግሩ ነው። ድካሙም የበረከቱ አካል ነው። በፈረስ ተጭኖ፣ ገመድ ተይዞለት፣ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ እግሩን አንጠልጥሎ የሚሄድ ሐበሻ በሽተኛ ብቻ ነው። ጤነኛ ሴት ለደስታዋ ብላ እንዲህ ትሄዳለች ብሎ የሚያስብ አንድም ሰው በዚያ ተራራ ላይ አልነበረም። አያ ሞላ ራሳቸው ገና ከሆቴሉ ሲነሱ ታማለች ብለው ደምድመዋል።

"አያ ሞላ፣ አላመመኝም እኮ!"

"አላመመሽም፣ አላመመሽም" አሉ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ደሜ ፈላ።

ይምርሐነ ክርስቶስ በሰላም ደረስን። ዋሻው ውስጥ ገብቼ ተሳለምኩ፤ ስለዚያ ብዙ አልናገርም፣ የሄደ ያውቀዋል። ማታ አንድ የአካባቢው ቤተሰብ ቤት አደርን። እራት ላይ አያ ሞላ "ባለቤትሽስ?" ሲሉኝ "ተፋተናል" አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። ሰውዬው ግን አንገታቸውን ዘንበል ሲያደርጉ አየኋቸው፤ በቃ፣ በሽታዬን አገኙት ማለት ነው።

በማግስቱ ስንነሳ ጫማዬን አወለቅሁ። በማሰሪያው ኮርቻው ላይ አንጠለጠልኩትና አውራ ጣቴን እርካቡ ውስጥ ከተትኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ያማል፣ ግን ይይዛል! አሁን መቀመጫዬ ተደላደለ። "አያ ሞላ፣ አሁን ይልቀቁልኝ" ስል ባዶ እግሬን አዩና "ስለትሽንም ጀመርሽ፣ ጎሽ" አሉኝ። ገመዱን አልለቀቁም። ኧረ ምን ዓይነት ሰው ናቸው!

ቁልቁለቱን ጨርሰን በገደሉና በአቀበቱ መካከል ያለው ጠባብ መንገድ ላይ ስንደርስ ከዋግ በኩል የመጡ ተሳላሚዎች አገኘን። መካከላቸው አንዲት መነኩሲት አሉ፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚወጋ። አያ ሞላ ጠጋ ብለው ማንሾካሾክ ጀመሩ። እኔ ጆሮዬ አልታመመም፣ ሁሉንም እሰማለሁ። "ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ... ባሏ ጥሏት... በሽታዋንም አትናገር..."

"እማሆይ፣ አላመመኝም!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"እሱ ነው እንዲህ የሚያስብልሽ ልጄ" አሉኝ ረጋ ብለው።

"ማነው እሱ?"

"የያዘሽ ነዋ።"

"ማንም አልያዘኝም! የያዘኝ የእሳቸው ገመድ ብቻ ነው!"

ተሳላሚዎቹ ተያዩ። አንዷ "ለፈለፈ" ስትል ሰማኋት። አያችሁልኝ? ዝም ብል በሽተኛ፣ ብናገር ጋኔን የያዛት። እማሆይ ከጉያቸው ጸበል የያዘ ሃይላንድ አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ "በስመ አብ!" ብለው በሙሉ ኃይላቸው ፊቴ ላይ ረጩት።

እኔ ላይ ያረፈው ግማሹ ነው። ግማሹ የዳማ ጆሮ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዳማ በኋላ እግሩ ተነሣ፣ ገመዱ ከአያ ሞላ ክንድ ተፈተለከ፣ ፈረሱ መንገድ መንገዱን በረረ። ጋቢው ወደቀ። በሁለት እጄ ጋማው ላይ ተጣበቅሁ። በግራዬ ገደል ነው፣ ታቹ አይታይም። "በቃ ሞትኩ" አልኩ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ለቅሶዬን አሰብኩ። ድንኳኑ ውስጥ ምን እንደሚባል አሰብኩ። "ምስኪን፣ ባሏ ቢተዋት ከፍቷት ሄዳ ገደል ገባች" ሊሉ ነው። ቢሮው ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ! ባሌ የነበረው ራሱ ሊመጣና ሊያለቅስልኝ ነው!

ሞቼም ምስኪን? በጭራሽ!

ንዴቱ ፍርሃቱን ዋጠው። ጋማውን በአንድ እጄ ለቅቄ የልጓሙን ዛብ ፈለግሁ፣ ያዝኩት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ አቀበቱ ጎተትኩ። አልሰማ አለኝ። ደግሜ ጎተትኩ፣ በእግሬ ጣቶች እርካቡን ጨብጬ፣ "ዞር በል አንተ!" ብዬ በባለቤቴ ላይ ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮህኩበት። ዞረ። አቀበቱን ተያያዝነው።

አቀበቱ ላይ ያገሬው ሰው በሙሉ ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ እርከን ይሠራ ነበር። ዶማና አካፋውን እየጣለ ግራና ቀኝ ተበተነልን። ዳማ ጥቂት እርከን ዘለለ፣ አቀበቱ አደከመው፣ ቀስ እያለ ሄደና ቆመ። እኔ ላዩ ላይ ነኝ። አልወደቅሁም። ፊቴ በጸበልና በላብ ርሷል፣ ግን አልወደቅሁም!

"ውረጂ፣ ውረጂ እቴ፣ እንያዝልሽ" ብለው ከበቡኝ።

"አልወርድም" አልኩ። ፈረሱ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁ፣ አንገቱን መታ መታ አደረግሁት። ከዚያ ዛቡን ራሴ ይዤ አዞርኩትና እርከኖቹን ዞሮ በሚሄደው ሰፊ መንገድ፣ አሁን በእኔ ፈቃድ፣ በሶምሶማ ወረድኩ። ሜዳውን ሳገኝ በተረከዜ ነካ አደረግሁት። ጋለበ። ፀጉሬ ተፈቷል፣ ባዶ እግሬን ነኝ፣ ንፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ በሠርጌም ቀን እንኳ እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ተሳላሚዎቹ ጋ ደርሼ ልጓሙን ስስብ እማሆይ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ዳነች!" አሉ።

እልልታው ቀለጠ። ከላይ እርከን የሚሠራው ሕዝብም ተቀበለ። የሥራው አስተባባሪ በሜጋፎን "ሥራችሁን! ሥራችሁን!" ይላል፣ የሚሰማው የለም። አያ ሞላ መሬቱን ስመው ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

"አልታመምኩም ነበር!" እያልኩ ጮህኩ። "እኔ ነኝ የጋለብኩት! እኔ!"

"አዎ፣ አንቺ ነሽ፣ ተመስገን" ይሉኛል እግሬን እየሳሙ።

አያ ሞላ የተጎተተውን ገመድ አነሡ። "እንዳይነኩት!" አልኳቸው። እሳቸው ግን ገመዱን ከዳማ አንገት ፈትተው ጠቅልለው ሰጡኝ።

"ድነሽ የለ እታለም፣ ምን ብዬ እይዝሻለሁ?"

ጋቢያቸውን ከወደቀበት አነሡና ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከኋላዬ ተከተሉኝ። እስከ ላሊበላ ድረስ ዛቡ በእጄ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው "እንደምን ዋላችሁ" ብቻ ብሎ ያልፋል። ማንም ይማርሽ አላለኝም። ገመዱ የተፈታው በተሳሳተ ምክንያት ነው፤ ያውም በጣም በተሳሳተ። ግድ የለኝም። ተፈትቷል።

ቢሮ ተመልሼ ባወራው የሚያምነኝ አላገኘሁም፤ እኔም ማስረዳት ተውኩ። የሚጠይቀኝን "ጋለብኩ" ብቻ እለው ነበር። "አይዞሽ" ለሚለኝም "አንተም አይዞህ" እለው ጀመር። ቀስ በቀስ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው የቢሯችን አዲስ ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት፣ ከላሊበላ ተመልሳ ምሳ ሰዓት ላይ ጉዞዋን ስታወራ ከበብናት። አንድ ሽማግሌ የነገሯትን ተአምር ዓይኗ እንባ እያቀረረ ተረከችልን። ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ልትሞት ስትል፣ መናገር ተስኗት፣ ፈረስ ላይ ታስራ ሄደች አሉ። ጸበል ቢረጯት ያን ጊዜውኑ ተነሥታ እየጋለበች አገሯ ገባች አሉ።

"እኔ ነኝ ያቺ ሴት" አልኳት።

ልጅቷ መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። "ኧረ ባክሽ እትዬ! አንቺ ደግሞ መች ታመሽ ታውቂያለሽ!"

ማዕዱ ሁሉ አብሯት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሰው እንዲለኝ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፣ ሳልለምናት አፏን ሞልታ አለችልኝ። ይምርሐነ ክርስቶስን አከብራለሁ፤ እማሆይንም አልቀየምኳቸውም፣ በሕይወት ካሉ እድሜ ይስጥልኝ። ፈረሱን ግን የጋለብኩት እኔ ነኝ። እስክሞት እንዲህ እላለሁ።