ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ታረቀኝ ጎሚስታ ነው። ወናጎ ተወልዶ በልጅነቱ ዲላ የገባ፣ ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጎማ ሲለጥፍ የሚውል፣ ካገኘው ሁሉ ጋር የሚቀላለድ ሰው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊም እሱ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይነፋል፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። በምን እንደሞተ ግን አይናገርም፤ ደንቡ ነው።

አምና ለገዛ ልጁ ነፋ። ሄርሜላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ማርገዟን ለማንም ሳትናገር አንዲት ሴት ዘንድ ሄዳ ያስወርዳል የተባለችውን ጠጣች፤ ደም ሲፈሳት ቆይቶ ሆስፒታል ስትደርስ አልቆላት ነበር። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገሪማ «ሆዷን አሟት ነው በሉ፤ ለእናንተው ብዬ ነው» አሉ። እናቷ ገነትም እንደዚያው ለመነችው። እሺ አለ።

በኋላ አንዲት ነርስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ጎማ ተንፍሶ እሱ ዘንድ መጣች። እስኪለጠፍ ሲያወሩ የማን አባት መሆኑን አወቀችና «ምነው ልጅህ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ መጥታ ቢሆን ኖሮ! በእሷ ዕድሜ ላለች ልጅ እኮ ሕጉ በሐኪም ማስወረድን ይፈቅዳል» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው መቀመጫ አጣ። ግድግዳ ስለምንጋራ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ይነሳል፣ ይንጎራደዳል፣ በር ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን ብግን ብዬ «ወይ ተናገር ወይ ተኛ!» እያልኩ ግድግዳውን ደበደብኩት።

መናገሩንስ ሞክሮ ነበር። እድሩ ሲሰበሰብ እጁን ቢያወጣ አቶ ገሪማ «ይህ አጀንዳችን አይደለም፣ ተቀመጥ» አሉት። ገነት ደግሞ «ስሟን አደባባይ ካወጣኸው ከእንግዲህ አብረን አንኖርም» ብላዋለች። እሷን እንዳያጣ ይፈራል፤ ዝም ማለቱም አልሆነለትም።

ባለፈው እሑድ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ነጠላችንን እየተከናነብን ወጣን።

«ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለ ታረቀኝ። «ሰው እንዳይሞት ነው የነፋሁት። ልጄን ሄርሜላን የገደላት የሆድ ሕመም አይደለም። ተደብቃ ስታስወርድ ነው የሞተችብኝ። ጤና ጣቢያ ብትሄድ ይፈቀድላት ነበር፤ አላወቅንም። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ንገሯት፤ አትፍራ። እኔ እንዲያውም ለፈለገች ሴት ሁሉ ይፈቀድ ባይ ነኝ!»

«ሟርተኛ!» ብሎ አንዱ ጮኸበት። አንዷ ልጇን ጎትታ ገባችና በሯን ዘጋች። እኔ ፈራሁለት፤ ደግሞም ኮራሁበት። ወደሚቀጥለው መንገድ ሲታጠፍ አቶ ገሪማ በፒጃማቸው ደርሰው ጥሩምባውን ከእጁ ነጠቁት።

«ከዛሬ ጀምሮ ነፊ አይደለህም!»

ባዶ እጁን ሲመለስ ገነት ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ስሟን ጠራኸው?» አለችው።

«ጠራሁት።»

«ታች ሰፈርስ ሰሙ?»

«አልደረስኩም። ጥሩምባውን ወሰዱብኝ።»

ገነት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እኔ እናቷ ነኝ፤ ጥሩምባ አያስፈልገኝም» አለችና ቁልቁል ወደ ታች ሰፈር ወረደች።