የለም የተባሉት መራጭ

በጆሃንስበርግ ዙሪያ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። ሰደርያ ያጠለቀ፣ እጁ ላይ ወረቀት የያዘ ሰው በመስኮቱ ብቅ ብሎ አንድን ሰው በስሙ ከጠየቀ መልሱ «የለም» ነው። ማን እንደተፈለገና ለምን እንደተፈለገ ከዚያ በኋላ ይጣራል። ስለ እነዚህ ሱቆች ለዓመታት ስዘግብ ብዙ «የለም» ሰምቻለሁ። አንዳንዴም «የለም» የሚለኝ የምፈልገው ሰውዬ ራሱ ነበር። ስቀን እንለያይ ነበር።

አንዱ «የለም» ግን አላሳቀኝም።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት የአካባቢ ምርጫ ሲቃረብ ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ ባለችው ጻካኔ ውስጥ አንድ የማውቃቸው አዛውንት ነበሩ። ከሆሳዕና አካባቢ ቀድመው ከመጡት አንዱ ናቸው። ሰፈሩ «ማሉሜ» ይላቸዋል፤ በዙሉ አጎቴ ማለት ነው። ዜግነት ካገኙ ቆይተዋል፤ ለመራጭነትም ተመዝግበዋል፤ መርጠው ግን አያውቁም። የምርጫ ቀን ሥራ የለም፣ ሥራ በሌለበት ቀን ደግሞ ሱቅ ገበያው ይደራል። «በሚቀጥለው» እያሉ ከረሙ። ከዚያ ኮሮና ያዛቸው። ለሳምንታት በቱቦ ሲተነፍሱ ቆይተው ከሆስፒታል ሲወጡ እግራቸውም ድምፃቸውም እንደ ድሮው አልሆነም። ጥቂት ከተራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሲናገሩም ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል። አልጋቸው ከሱቁ ጀርባ፣ ከዱቄት ጆንያዎቹ ባሻገር ባለችው ክፍል ውስጥ ነው።

ከሱቁ ትይዩ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የአንድ ዕጩ ፖስተር ተሰቅሎ ነበር፤ ከተመረጥኩ የውጭ ሰዎችን ሱቆች አዘጋለሁ ይላል። በዚያው ዓመት ክረምት ሱቆች ሲዘረፉ የእሳቸው የተረፈችው ጎረቤቶች በሩ ላይ ስለቆሙ ነው። ከነዚያ ጎረቤቶች አንዲቱ ደግሞ በዚህ ምርጫ ለሰፈሩ ተወካይነት ትወዳደር ነበር።

«አንቺ ምን ወረቀት አለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ ጋሼ።»

«እሱስ?» አገጫቸውን ወደ ሱቅ ሸሪካቸው አዞሩ።

«የጥገኝነት ወረቀት» አለ ሸሪኩ ከመስኮቱ ሳይዞር። «እሱም ሊያልቅ ነው።»

«እንግዲህ ከዚህ ቤት ድምፅ ያለው እኔ ብቻ ነኝ። እሱም ዘግቷል» ብለው ጉሮሯቸውን ነካ አደረጉ። የሳቁት ራሳቸው ነበሩ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ።

ለአድማጭ እንደማስረዳው አስረዳኋቸው። ልዩ ድምፅ የሚባል አለ። ሰዉ ሰኞ ሲመርጥ፣ አስቀድሞ ያመለከተ ሰው ግን ቅዳሜና እሑድ ይመርጣል። መሄድ የሚችል ወደ ተመዘገበበት ጣቢያ ይሄዳል። በሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም በእርግዝና ምክንያት መሄድ ለማይችል የምርጫ ሠራተኞች ቤቱ ድረስ ይመጡለታል። የአካባቢ ምርጫ ስለሆነ ቤቱ በተመዘገበበት ጣቢያ ክልል ውስጥ መሆን አለበት። መታወቂያው ይታያል፣ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀለም ይደረጋል፣ የመረጠበት ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል፣ ያ ፖስታ ደግሞ ሌላ ፖስታ ውስጥ ይገባል።

«ሁለት ፖስታ ለምን?»

«የላይኛው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ የውስጠኛው ምን እንደመረጡ ይደብቃል።»

ይህ ደስ አላቸው። «ማንን እንደምመርጥ ግን አትጠይቂኝ» አሉ። ምሰሶውን ለሚያይ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ማመልከቻው ጊዜው ሳያልፍ ገባ፤ ተቀባይነት ማግኘቱም በስልካቸው መጣ። መልእክቱን ሸሪኩ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው። የሚመጡበትን ሰዓት አይናገርም ነበር።

ቅዳሜው የወር መጨረሻ ላይ ዋለ። በወር መጨረሻ ቅዳሜ ስፓዛ በሚባለው የሰፈር ሱቅ ውስጥ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ አይታወቅም። እኔ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። ሸሪኩ ራሱን ይዞ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤ ደንበኞች መስኮቱን ያንኳኳሉ፣ አይሰማም።

«እህቴ፣ መጥተው ነበር» አለኝ።

«እና?»

«የለም አልኳቸው።»

ነገሩን ከእሱም ከአዛውንቱም ሰማሁ። ሁለት ሰዎች መጡ፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሰዋል፣ ማስክ አድርገዋል። በኮሮና ጊዜ ሱቅ ሊያሽጉ የሚመጡትም አለባበሳቸው እንደዚሁ ነው። በፍርግርጉና በላስቲኩ መጋረጃ በኩል «ሚስተር» ብለው አንድ ስም ጠሩ። የጠሩት የአዛውንቱን አባት ስም ነበር። ለምርጫ ሠራተኞቹ በመታወቂያው ላይ መጨረሻ የሚነበበው የሰውየው መጠሪያ ነው። ለእኛ ግን የአባት ስም የአባት ነው።

«ምርጫ አላሉም እኮ! ብለው ከሆነም ማስኩ ዋጠው። የጠሩት የጋሼን አባት ነው። የጋሼ አባት በአገር ቤት ከተቀበሩ ስንት ዘመናቸው! ታዲያ ምን ልበል? እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም አልኩ። እውነቴን እኮ ነው።»

አዛውንቱ ከግድግዳው ጀርባ ሆነው ሰምተዋል። ስልኬን ዘግቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባቴን የሚጠራ ማን ነው? አልኩ» አሉኝ። «ከአገር ከወጣሁ የአባቴ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። በባዕድ አፍ ተጣሞ እንኳ ደስ አለኝ። እኔ እንደሆንኩ ሲገባኝ ተጣራሁ።»

«ምን ብለው?»

«አለሁ ብዬ።»

ፍሪጁ ይጮኻል፣ ታክሲ ጥሩንባ ይነፋል፣ ደንበኛ ዳቦ ዳቦ ይላል። «አለሁ» ያሉት ቃል ከዱቄት ጆንያዎቹ አላለፈም።

ሥራዬን ሠራሁ። የምርጫውን የመረጃ መስመር ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ፤ ከዚያ አንድ ሰው ወደ ጣቢያው ኃላፊ ይሂዱ አለኝ። ጣቢያው በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ነው። ኃላፊዋ ትሑትና የደከማት ሴት ነበረች። ሠራተኞቹ ሄደው ሰውየው እዚያ አይኖርም መባላቸውን ነገረችኝ። እዚያ ይኖራሉ፣ አልጋ ላይ ናቸው አልኳት። አመነችኝ። ነገ ዙሩ ካልረዘመ ይሞክራሉ አለች፤ ቃል ግን አልገባችም። ቃል አለመግባቷን አከበርኩላት፤ ለጭንቀቴ ግን አልረዳኝም።

እሑድ ሸሪኩ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። ከመስኮቱ ውጭ ሳጥን አውጥቶ ተቀመጠ፤ ፊቱ በሩቅ እንዲታይ ማስኩን አገጩ ላይ አወረደ። ሰደርያ የለበሰ ሁሉ ሲያልፍ ይነሳል። የቆሻሻ ሠራተኞችን አስቁሞ «ማሉሜ እዚህ አለ! እዚህ ነው!» አላቸው። «ታዲያ እኛ ምን እናድርገው?» ብለውት ሄዱ። አዛውንቱ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን የደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገው መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ዋሉ።

«ምነው ይህን ሁሉ ሰው ስትሸሽ ኖረህ ዛሬ አሳዳጅ ሆንክ?» አሉት።

«ጋሼ፣ የለም በል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ጎበዝ ተማሪ ነህ። አንተ አለፍክ፣ እኔ ወደቅሁ!»

ፀሐይዋ ከምሰሶው ጀርባ ዞረች። ሠራተኞቹ አልመጡም።

ቤቱ ሳይደረስ የቀረ ሰው ሰኞ ራሱ ጣቢያው ሄዶ መምረጥ ይችላል። አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች ሰልፍ አይጠብቁም። ይህን አውቅ ነበር፤ ደጋግሜም በዜና አንብቤዋለሁ። ከማኅበረ ምዕመናናቸው ሁለት ወንድሞች ባኪ የሚሏትን ትንሽ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ሸሪኩ ቀረ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሱቅ ባዶውን አይተውም። እኔ በመኪናዬ ተከተልኳቸው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ አሸዋ ነው። መኪና ከበሩ አያልፍም፤ ተሽከርካሪ ወንበርም አልነበረም። ኃላፊዋ ስታየን አወቀችኝና ራሷ ወጣች።

«ወረቀቱን እዚህ መኪናው ድረስ ማምጣት አይቻልም?» አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«ቅዳሜና እሑድ ቢሆን ቤቱ ድረስ እንወስድለት ነበር» አለች። «ዛሬ ወረቀቱ ከክፍሉ አይወጣም። እስከ በሩ ካመጣችሁት ግን እኔ አስቀድመዋለሁ።»

ወንድሞች ግራና ቀኝ ደግፈው አወረዷቸው። ሰልፈኛው አያቸው። «ማሉሜ! ማሉሜ መጣ!» አለች አንዲት ሴት፤ ሌላው ደግሞ «ዳቦውን ማን ይሸጥልናል ዛሬ?» ብሎ አሳቀ። ሰዉ ሳይነገረው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጣቸው። አዛውንቱ ከማስኩ በላይ ዓይናቸው በራ። በሩን አየሁት። ሩቅ አልነበረም።

ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ ሳላቸው ተነሣ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ ከዚያ አልቆም አለ። ትንፋሽ ፍለጋ ማስካቸውን ከአፍንጫቸው ሳቡት። ያኔ ሰልፉ እንደገና ተከፈለ፤ በፍቅር የተከፈተው መንገድ በፍርሃት ሰፋ። እናት ልጇን ወደ ኋላ ጎተተች። ያ ቀልደኛ ክርኑን አፉ ላይ አደረገ። ማንም ክፉ አልተናገረም። በዚያ ጊዜ ማንኛችንም ያንን እናደርግ ነበር፤ የእኔም እግር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱን አስተውያለሁ።

«እንሸከምዎት፣ አባባ?» አለ አንደኛው ወንድም።

አዛውንቱ ሰልፉን አዩ። ሁሉም ደንበኞቻቸው ናቸው፤ በየቀኑ ከእጃቸው ዳቦ የሚቀበሉ።

«መልሱኝ» አሉ። ይህኛው ቃል በደንብ ተሰማ።

የማውቀው ሕግ፣ መብት፣ ስልክ ቁጥር ሁሉ ነበረኝ፤ ለሳል የሚሆን ግን አልነበረም። መለሷቸው። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ መኪናው እስኪሄድ አየች፤ ከዚያ ሰልፉን ማስገባት ቀጠለች።

በማግስቱ ውጤት ስዘግብ ውዬ ወደ ሱቁ ጎራ አልኩ። አዛውንቱ በዚያው ነጭ ሸሚዝ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሸሪኩ ዳቦ ያቀብላል። በፍርግርጉ በሚገቡት እጆች የአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀለም አለ፤ የአሮጊት፣ የወጣት፣ የሾፌር። አዛውንቱ እያንዳንዱን በዓይናቸው ይከተላሉ።

አንዲት ልጅ ጥፍሯን አሳየቻቸው። «ማሉሜ፣ አንተስ? አሳየኝ!»

ሸሪኩ ዳቦዋን ቶሎ አቀበላት።

እሳቸው ቀኝ እጃቸውን አወጡላት። ግራውን፣ ቀለም የሚደረግበትን፣ ከጉልበታቸው ሥር እንደደበቁት ነበሩ።