ተዘፍዝፎ የቀረ ዘቢብ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «ያን ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከስማዳ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ሰው ለንግሡ ድንኳን ሲተክል እያየኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። ከቀትር በፊት ቤተልሔም ገባሁ፤ የቁርባኑ ስንዴና ዘቢብ የሚዘጋጅባት ጨለማ ጎጆ ናት። ለነገው ቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ አጥቤ ዘፈዘፍሁ። ጎሕ ሲቀድ ጨምቆ ለጽዋው ማቅረብ የኔ ተራ ነበር። ከዚያ ለንስሐ አባቴ ለቄሰ ገበዝ ይትባረክ «ወገዳ ደርሼ ልምጣ» አልሁና ወረድሁ። ከወረዳው ከተማ ከወገዳ አይሱዙ ተሳፈርሁ። ደላላው ደብረ ታቦር ይጠብቀኝ ነበር፤ መኪናው ጠዋት ወደ መተማ ይነሳል፣ ካመለጠህ የራስህ ጉዳይ ብሎኛል።

ለማያውቅ ልንገር፤ ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይገባም፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። የኛ ደብር ዲያቆናት ሦስት ብቻ ነበርን። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል፣ አራስ ልጅ ይዛ የመጣችውም ጦሙን ያደረው ሽማግሌም ሳይቆርብ ይመለሳል። ይህን እያወቅሁ ነው የሄድሁት።

የበረሃውንና የባሕሩን ነገር ሌሎች ጽፈውታል፣ አልደግመውም። ጓደኞቼ እናታቸውን እያሉ ሲያለቅሱ እኔ የማስበው ያን ጠዋት ነበር። ጠበቁኝ? ስንት ሰዓት ድረስ ጠበቁኝ? እንግሊዝ አገር ደርሼ ለጥገኝነት ስጠየቅ እንኳ አልለቀቀኝም።

«የመጨረሻ ሥራህ?» አለችኝ መርማሪዋ።

«ዲያቆን።»

«አሠሪህ ማን ይባላል?»

«ሚካኤል።»

«ስልክ ቁጥሩን ታውቀዋለህ?»

አስተርጓሚው ሳቁን ለማፈን ሳል ሳል አለው። የለውም አልሁ፤ እሷም «ስልክ የለውም» ብላ ጻፈች።

«ሥራውን ስትለቅ አሳውቀኸዋል?»

ይህን ጥያቄ ውሃ አምጡልኝ ብዬ ነው ያለፍሁት።

ወረቀቱ ሲሰጠኝ የላኩኝ ስኮትላንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ የሆነ አገር በሉት፤ ዝናቡ አይመታ፣ ዝም ብሎ ያረጥባል። ዳቧቸው ጥጥ ነው፣ ጎረቤት ሲሞት የሚሰማው ደግሞ በሣምንቱ ነው። ሥራ ያገኘሁት ሞራግ ከምትባል ሴትዮ ዘንድ ነበር። ዊስኪ ማለት የኛው አረቄ ነው፤ የኛ ሰው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል፣ እነሱ አሥራ አምስት ዓመት በእንጨት በርሜል ያስተኙታል። ሞራግ ራሷ አታወጣም። ከየአውጪው በርሜል እየመረጠች ትገዛና በራሷ ስም ጠርሙስ ትሞላለች። ከሁሉ የምትወደው ሼሪ የሚሉት የእስፓኝ ወይን የኖረበትን በርሜል ነው። እኔ በርሜል አንከባላይ ነበርሁ። አንድ ቀን በርሜል ከሚመርጡላት ቀማሾች አንዱ ታመመባትና «ና፣ አፍንጫ አለህ አይደል?» ብላ ከአራት ብርጭቆ ፊት አስቀመጠችኝ።

እየቀመሱ ባልዲ ውስጥ ይተፋሉ፤ እንዲህ ያለ ብክነት በዕድሜዬ አላየሁም። አንዱ ቀማሽ «ቸኮሌት ሸተተኝ» አለ፣ ሌላው «የብርቱካን ልጣጭ»። ሦስተኛውን ብርጭቆ አነሳሁ። ቤተልሔም ገባሁ። እውነቴን ነው፣ በሩ ከኋላዬ የተዘጋ መሰለኝና ዞሬ አየሁ።

«ምን ሸተተህ?» አለች ሞራግ።

«ዘቢብ።»

«ሼሪ ነው፣ ዘቢብማ ሁሉም አለው። ምን ዓይነት ዘቢብ?»

«በውሃ ተዘፍዝፎ የቀረ። የሚጨምቀው ሰው ያልመጣ። ደግሞ ጥዋፍ፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ።»

ዞሬ በር ሳይ አይታኝ ሰከረ ብላለች መሰለኝ። ግን ቃሌን አንዲት ሳታስቀር ጻፈችው፣ በወሩም ጠርሙሱ ላይ ታትሞ መጣ። ኃጢአቴ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተሰለፈ። ሰዉ ወደደው፤ በሣምንት አለቀ። ሞራግ ደመወዝ ጨመረችልኝና ቋሚ ቀማሽ አደረገችኝ። እኔ ግን የሼሪ በርሜል በተከፈተ ቁጥር ያ በር ከኋላዬ ይዘጋል። ሲብስብኝ የቄሰ ገበዝን ስልክ ከእህቴ ተቀብዬ ደወልሁ። ከአገር በወጣሁ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት።

«እንደምን ከረሙ አባ?»

ድምፄን ወዲያው ለዩት። እግዜር ይመስገን ሲሉኝ፣ ሲመርቁኝ ቆይተው ትንፋሽ ሲወስዱ ጠየቅሁ።

«አባ፣ የዚያን ጊዜ፣ እኔ የሄድሁ ለት፣ ቅዳሴው ታጎለ?»

«ምን ሲደረግ! የሚካኤልን ንግሥ አስታጉለን?»

«ዲያቆናቱ እነማን ነበሩ?»

«አዳነ፣ ሙሉቀን፣ አንተ።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ! ቤተልሔም ስገባ ዘቢቡን ጨምቀህ ቆመህ አገኘሁህ። ውርጩ ነው መሰል አንዲት ቃል አልወጣህም። ጽዋውን ይዘህ ከፊቴ ገባህ።»

ያን ሰዓት እኔ ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ጭነት መኪና ላይ ጆንያ ተንተርሼ ነበር። እርጅና አምታትቷቸው ይሆን ብዬ ዲያቆን የሆንሁበትን ዓመት ጠየቅኋቸው፣ የእናቴን የክርስትና ስም ጠየቅኋቸው። አንዱንም አልሳቱ። መርማሪዋ «ስልክ የለውም» ብላ የጻፈችው አሠሪዬ ትዝ አለኝ።

«እኔንስ የከፋኝ» አሉ፣ «ቅዳሴ ሲወጣ ጸበል እንኳ ሳትቀምስ፣ ሳትሰናበተኝ መሄድህ ነው። ስፈልግህ ዋልሁ እኮ ልጄ።»

እኔ አልነበርሁም ልል አፌን ከፈትሁ። የወጣው ሌላ ነው።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ድሮ ረስቼዋለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልሁም። የተፈታሁት ካልሠራሁት በደል ነው፤ የሠራሁትን ብናገር ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?