ዲስኩን የሞላው

ቡራዩ አስተማሪ ሳለሁ ቤቴ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ፤ መርካቶ የተገዛ አሮጌ ዕቃ፣ ሞኒተሩ ከኋላ ሆዱ የተነፋ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተነሳበት ሰሞን ጭራሽ ተንቀራፈፈ። አንድ የፈተና ወረቀት እስኪከፍትልኝ ልብስ አጥቤ አሰጣ ነበር። ቫይረስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ መጡ፤ ሰፈሩ በሙሉ ኦቦ ብቻ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ገበሬ። «አካም ቡልተኒ» ብዬ እንዴት አደሩ ስል ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ልጃቸው ከትናንት ወዲያ ወጥቶ አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሲጠይቁ ፎቶውን ይዘው እንዲመጡ ነግረዋቸዋል። ቤታቸው ያለው ፎቶ ደግሞ ልጁ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የተነሳው ብቻ ነው። ኮሌጅ ሲመረቅ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ ፎቶው ኮምፒውተሬ ላይ አለ።

ከፈትኩት። ጥቂት አጉረመረመና ጠፋ። ደግሜ ከፈትኩት፤ አሁንም ጠፋ። ስነካው እንደ ምድጃ ግሏል። የጎን ክዳኑን ፈትቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ኦቦ በመጨረሻ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መብራት እንዳይሄድብኝ በልቤ እለምን ነበር።

በሦስተኛው ተነሳ፤ ፎቶውን ስነካ ግን አልከፍት አለኝ። ዲስኩን ባየው እስከ አፉ ሞልቷል። የእኔ የፈተና ወረቀቶች ይህን ያህል ቦታ አይዙም። ስፈልግ «ኬሚስትሪ» የሚል፣ እኔ ያልፈጠርኩት ፎልደር አገኘሁ። የኦቦ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ሊጽፍ እየመጣ በኮምፒውተሩ ይጠቀም ነበር። ውስጡ በሙሉ ቪዲዮ ነው። አንዱን ከፈትኩ። የማውቀው አስፋልት፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያጣመሩ ወጣቶች፣ ከዚያ የጥይት ድምፅ። ካሜራውን የያዘው ሰው «ሩጡ» ሲል ኦቦ ብድግ አሉ።

«የእሱ ድምፅ ነው» አሉ።

ድምፁን ቀንሼ መስኮቱን ዘጋሁ። ከታች ሰፈር ቤት ለቤት እየተፈተሸ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲወስኑልኝ ፈልጌ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው» አሉኝ። «ሌላውን አጥፊው።»

አጠፋሁት። ማጥፋቱም እንደ ኤሊ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እንዞራለን። ሲያልቅ ፎቶው ተከፈተ፤ ልጁ በጥቁር ጋውን ፈገግ ብሎ። በፍላሽ ገልብጬ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ከሚሠራ ፎቶ ቤት አሳተምኩት። ኦቦ ያንን ይዘው ከቡራዩ እስከ ሰበታ ጣቢያ ለጣቢያ ዞሩ።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእስር ተፈታ፤ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ። ሊያመሰግነኝ መጣና ተቀመጠ። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ስለ ፎልደሩ ሲጠይቀኝ ማጥፋቴን ነገርኩት።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ምንም አይደለም አለኝ።

«አጥፊው ያሉኝ አባትህ ናቸው» አላልኩትም። ጥያቄውን ለዚያ ለተጨነቀ ሰው ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ።