የዋጫ መዘምራን ነጭ ልብስ

ሀፍሳ ከቡታጅራ ተድራ ቦንጋ ስትመጣ ከሁሉ በላይ ያስቸገራት ዝናቡ ነበር። ያጠበችው ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ፣ ሳይደርቅ ሻግቶ ይወርዳል። ባሏ ከሊል ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሜትር ይዞ ይውላል። እሷ ግን ከባንኮኒ ጀርባ መቆም አልሆነላትም፤ የራሷ ሥራ አማራት። አንድ መሐንዲስ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሊሸጥ መሆኑን ስትሰማ ሮጣ ሄዳ ገዛችው። ከሱቁ አጠገብ ያለችውን ክፍል አጸዳች፣ ውሃ አስገባች፣ በሩ ላይ «ላውንደሪ» ብላ ጻፈች።

የመጀመሪያው ሳምንት አሳፈራት። ማሽን አይደል፣ ሁሉንም ይችለዋል ብላ ያገኘችውን አንድ ላይ ጠቀጠቀችበት። የከሊል ነጭ ጀለቢያ ከአዲሱ ቀይ ሻርፗ ጋር ገብቶ ሮዝ ሆኖ ወጣ። የአንድ መምህር ሸሚዝ ደግሞ ኪሱ ውስጥ በተረሳ እስክሪብቶ ተዥጎረጎረ። ከሊል ለመምህሩ ሌላ ሸሚዝ ሰጥቶ ሸኘውና፣

«ሀፍሳ፣ ብንሸጠው አይሻልም?» አላት።

«አልሸጠውም። እለምደዋለሁ» አለች፤ እንባዋ ግን ቀርቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካልሲ እንኳ ሳትለይ አታስገባም። ኪስ ትፈትሻለች፣ ዚፕ ትዘጋለች፣ ጂንስ ትገለብጣለች፤ ነጩን ለብቻ፣ ደማቁን ለብቻ ትከምራለች። ቀለሙ ያጠራጠራትን ልብስ ጫፉን አርጥባ በነጭ ጨርቅ ታሸዋለች። ደንበኞቿ ግን ገና ጥቂት ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዋጫ ከተማ የመጡት መዘምራን መሪ እትዬ ተሾመች ሁለት ማዳበሪያ ልብስ አሸክመው በሯ ላይ ቆሙ። መኪናቸው መንገድ ላይ ተንሸራቶ፣ ሻንጣዎቹ ከነልብሱ ጭቃ ውስጥ ወድቀዋል።

«ልጄ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ እንቆማለን። ሌላ ቦታ አይቻልም አሉን።»

ሀፍሳ ማዳበሪያውን ፈታች። ነጭ ቀሚሶችና ቀይ የአንገት ልብሶች በጭቃ ተለውሰዋል።

«ተዉልኝ፣ እትዬ» አለች።

መጀመሪያ ጭቃውን በገንዳ አለቀለቀች፤ አፈሩ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ። አንዱን ቀይ የአንገት ልብስ በነጭ ጨርቅ ስታሸው ጨርቁ ቀላ። ቀዮቹን በሙሉ ወደ ጎን ገፋቻቸውና ለብቻቸው በእጇ አጠበቻቸው። ከኪሶቹ ከረሜላ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የረጠበ ሶፍት አወጣች። ነጮቹን ማሽኑ በማይጨናነቅበት መጠን እየከፈለች አስገባች።

የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን ዘረጋቻቸው። ከጭቃው ነጥብ እንኳ አልቀረም።

«ከሊል! ከሊል ና እይ!»

ከሊል መጣ፤ አየ፤ ሱቁን ዘግቶ ተመለሰ። ካውያውን ሰክቶ፣ ማሽኑ ጨምቆ ያወጣውን እርጥብ ልብስ እየተኮሰ ማድረቅ ጀመረ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እነሱ ግን ምን ገዷቸው።

ሰዓቱ ሳይደርስ እትዬ ተሾመች መጥተው የተጣጠፈውን ልብስ ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት።

መዘምራኑ ሰልፍ ሠርተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያልፉ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሀፍሳ ሻርፗን አስተካክላ መንገድ ዳር ቆመች። ነጩ ያበራል፤ ቀዩ በቦታው ቀይ ነው። ከሊል አጠገቡ ላገኘው ሁሉ፣ «ይህን ያጠበችው ሚስቴ ናት!» ይላል፣ ሳይጠየቅ።

መዝሙሩ ሲያበቃ መዘምራኑ ሊያመሰግኗት ልብሱን ሳያወልቁ መጥተው ጠባቧን ክፍል ሞሏት። እትዬ ተሾመች አቅፈው ሳሟት፤ አንዱ ዘማሪም ደክሞት ከዝናቡ ጭቃ የያዘው የበሩ ደረጃ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ተነስ!» አለች ሀፍሳ እየሳቀች። «እዚያ ላይማ በዚህ ልብስ አትቀመጥም!»